በአንድ «ግራ» የተወሰደ ነጥብ

ወደ ቴኒስ ያስገባኝ ለቅሶ ነው። ሰው ወደ ስፖርት የሚገባው በወንድሙ ወይም በትምህርት ቤቱ በኩል ነው፤ እኔ የገባሁት ፊንስበሪ ፓርክ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነው።

ሥራዬ እዚህ ለንደን የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል ከወንበር ከተነሳሁ በኋላ መቀመጥ አልወድም። ለቅሶ ቤት ደግሞ መቀመጥ ግዴታ ነው። እግሬን እያወዛወዝኩ፣ ስካርፌን እየፈታሁ እያሰርኩ ሳለ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሲያበራ አየሁ። አቶ ተወልደ ናቸው። አስመራ ተወልደው ያደጉ ኤርትራዊ ሲሆኑ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አማርኛን በትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ አማርኛቸው ግን ከኛ ከአዲስ አበቤዎቹ ይጠራል። «ቼክ አደርጋለሁ» ያለ ሰው ፊታቸው አይቆምም፤ «አጣራለሁ በይ ልጄ» ይላሉ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ስልክ ነው። ስልኩ ላይ ቁጥር ብቻ ይገለባበጣል።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፤ የኛ ልጅ ኳስ ልትመታ ነው። ከአዲስ አበባ ሄዳ ናይሮቢ ቴኒስ እየተጫወተች ነው።»

«የኛ? እርስዎ ኤርትራዊ አይደሉም እንዴ?»

«ለቅሶ ቤት ድንበር አታካልይኝ» አሉና ወደ ስልኩ ተመለሱ። ቀጥለውም «አንደኛውን ሴት ወስዳለች» አሉኝ።

«አንደኛዋን ሴት ነው የሚባለው። ደግሞስ ወዴት ነው የወሰደቻት?»

«ሴት» በቴኒስ የጨዋታው ክፍል መሆኑን፣ ሁለት ሴት ቀድሞ የወሰደ እንደሚያሸንፍ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው አስረዱኝ። ሳቄ አመለጠኝና የሟች እህት ዞራ አየችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጅቷ ብሌን ትባላለች፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። እኔንም ከዚያች ቀን ጀምሮ ቴኒስ ለከፈኝ። አቶ ተወልደ በስልክ ካቋቋሙት የደጋፊዎች ቡድን ገባሁ። ጨዋታውን የሚያሳይ ቴሌቪዥን ስለሌለ ሁላችንም በየሥራችን ሆነን ቁጥር እንጠብቃለን። ቁጥሩ አንዳንዴ ቀጥ ይላል። ኔትወርክ ይሁን ልጅቷ ወድቃ ይሁን ማን ያውቃል? እኔ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ደርሼ ተሳፋሪ እስካራግፍ ድረስ ስልኬን መንካት አልችልም። ወደ ስትሪትሃም የሚወስደው መንገድ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም።

እናም አንድ ቀን አቶ ተወልደ በቡድኑ ላይ «ብሌን ወደ እኛ ትመጣለች» ብለው ጻፉ። ከክላፋም ብዙ በማይርቅ የቴኒስ ክለብ የታዳጊዎች ውድድር ነበር። ብሌን ማጣሪያውን ካለፈች ዋናው ውድድር ላይ ትጫወታለች፤ ዋናውን ውድድር ደግሞ ልጅ መርጠው ወስደው የሚያሠለጥኑ ሰዎች ይመለከቱታል። ከወደቀች በማግስቱ ማታ አውሮፕላን ላይ ናት። ነገሩ ይኸው ነበር፤ አንድ ጨዋታ ብቻ።

ቅዳሜ ጠዋት ደረስን። እኔና አቶ ተወልደ፣ ሌሎችም የቡድኑ ሰዎች። ብሌንን በአካል ሳያት ደነገጥኩ። ቁጥር ሆና ስትታየኝ ግዙፍ ትመስለኝ ነበር፤ ለካ ቀጫጫ፣ ዓይን አፋር ልጅ ናት። እያንዳንዳችንን ጎንበስ እያለች ሳመችን። አሰልጣኟ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አብሯት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወንድ ተጫዋች በዚያው ሰዓት ፓርኩ ማዶ ካለው ሜዳ ስለሚጫወት ወደዚያ መሮጥ ነበረበት።

«እናንተ አላችሁላት» አለን አሰልጣኙ ሲሄድ። «እንግሊዝኛዋ ገና ነው። ብቻ አደራ።»

አደራ ሲባል የሚቀለው ሰው አለ፤ እኔን ግን ይከብደኛል። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ እንደገና ተቀመጥኩ።

«ጸዳለ፣ ስሚኝ» አሉ አቶ ተወልደ፤ በልጅነታቸው አስመራ የቴኒስ ክለብ ውስጥ ኳስ አቀባይ ስለነበሩ ሕጉን ጠንቅቀው ያውቁታል። «ኳስ እየተመታ ትንፍሽ አይባልም። ሲያበቃ ‹በርቺ› ማለት ይቻላል፣ ‹አይዞሽ› ይቻላል። ‹በዚህ ምቺ፣ በዚያ ምቺ› ማለት ግን እዚህ ውድድር ላይ ክልክል ነው። ምክር ይባላል። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ አንድ ነጥብ ይወሰድባታል፣ ሦስተኛ አንድ ሙሉ ጌም፣ ማለትም ከሴቱ አንድ ክፍል። ገባሽ?»

«እኔ ስለ ቴኒስ ምን አውቄ ነው የምመክራት?»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ፤ ትንሽ ተጽናኑ።

ሜዳው ዳር አንዲት ወጣት ዳኛ ቆማለች። ከፍ ያለ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ዓይነት ሳትሆን በየሜዳው እየዞረች ሥርዓት የምታስከብር ናት። ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ «ኤደን» የሚል ስም ተለጥፏል። ፊቷ የኛው ፊት ነው። ከኋላችን «የኛ ልጅ ናት! የኛ ልጅ ናት!» የሚል ሹክሹክታ ተነሳ። ፈገግ አልኩላት። እሷ ግን ልክ እንደማታውቀን ዓይኗን መለሰች። «ምን ትኮፈሳለች» አልኩ በሆዴ።

የመጀመሪያውን ሴት ብሌን ወሰደች። እንዴት እንደምትሮጥ ባያችሁ! ኳሷ ከመረቡ በላይ ትንሽ ብቻ ከፍ ብላ ታልፍና መስመሩ ጥግ ታርፋለች። እኔ እጄን አጨብጭቤ አጨብጭቤ መዳፌ ቀላ። አቶ ተወልደ እንኳ ከመቀመጫቸው ተነስተው ነበር፤ ወዲያው አፍረው ተቀመጡ።

ሁለተኛው ሴት ላይ ተጋጣሚዋ፣ ረጅሟ እንግሊዛዊት ልጅ፣ ዘዴ ቀየረች። ኳሷን እየቆረጠች መላክ ጀመረች። ኳሷ መሬት ስትነካ ከፍ ማለቱን ትታ ሹልክ ትላለች። ብሌን ራኬቷን ታነሳለች፣ ኳሷ የለችም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ልጅቷ ቆማ እጇን አየች፣ ራኬቷን አየች፣ ወደኛ አየች። ዓይኗ ውስጥ መደናገር አየሁ።

«ግራ ገባት!» አልኩ። «ወይኔ ልጄን፣ ግራ ገባት እኮ! ግራ!»

ብሌን ወደ ቦታዋ ተመልሳ ቀጣዩን ኳስ መታች። ኳሷ የተጋጣሚዋን ግራ ጥግ ነክታ አለፈቻት። አጨበጨብን።

ዳኛዋ ኤደን ወደ ሜዳው ገባች። እጇን አንስታ ለብሌን በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገረች። ብሌን አንገቷን ነቀነቀች፤ ግን ምንም እንዳልገባት ከፊቷ ያስታውቃል። ኤደን ቀጥላ ወደኛ ዞረችና «ተጫዋቿን ማናገር ክልክል ነው። ይህ የምክር ማስጠንቀቂያ ነው» አለች፤ አሁንም በእንግሊዝኛ።

ተያየን። ምን ምክር? አቶ ተወልደ «‹በርቺ› ማለታችን ይሆናል» አሉ በንዴት። «እንግሊዞች ዝምታ ይወዳሉ። በቃ ዝም እንበል።» ዝም አልን። ሁላችንም አፋችንን ዘግተን፣ ከተማውን አቋርጠን የመጣንላትን ልጅ ልክ እንደማናውቃት ሆነን ተቀመጥን። ብሌን ነጥብ ስታገባ ወደኛ ትዞራለች፤ እኛ ሐውልት ሆነናል። ምን ብታስብ ይሆን? ተቀየሙኝ ብላ ይሆን? እዚያ ወንበር ላይ የተቁነጠነጥኩትን በዕድሜዬ ሙሉ አልተቁነጠነጥኩም።

ተጋጣሚዋ እየመራች ሄደች። በመጨረሻ ሁለተኛውን ሴት ለመውሰድ አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት። ብሌን ኳሷን መሬት እያነጠረች ለመምታት ስትዘጋጅ እኔ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

«ጋሼ፣ ማየት አልችልም» አልኳቸው በሹክሹክታ። «ልውጣ ልቀመጥ፣ ግራ ገባኝ።»

ሹክሹክታ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። የአውቶቡስ ሹፌር ሹክሹክታ ግን እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል።

«ቁሙ!» አለች ኤደን። እጇን አነሳች። ወደ ተጋጣሚዋ ጠቆመች። ያቺ ረጅም ልጅ መጀመሪያ አልገባትም፤ ኋላ ግን ራኬቷን ወደ ወንበሯ ይዛ ሄደች። ነጥቡ ተሰጣት። አንድ ኳስ ሳይመታ ሁለተኛው ሴት አለቀ። ብሌን ኳሷን በእጇ እንደያዘች ቀረች፤ ቆይታ ቆይታ ፎጣዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄደች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ከመቀመጫዬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። አጥሩ ጋ ደረስኩ።

«ምን አጠፋች? ምን አልን?» አልኳት በእንግሊዝኛ።

ኤደን ቀዝቀዝ ብላ መለሰችልኝ። «ወደ ግራ ምቺ ብለሻታል። ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ስትነግሪያትም ወደ ግራ መትታ ነጥብ አገኘች።» ከዚያ ራሷን ቀና አድርጋ በአማርኛ «እኔ አማርኛ ይሰማል» አለችኝ። «ግራ፣ ሌፍት ነው።»

አንባቢዎቼ፣ በዚያች ሰዓት ማድረግ የነበረብኝን ታውቁታላችሁ። ቀስ ብሎ ማስረዳት ነበር። እኔ ግን ሳቅኩ። ከሆዴ የመጣ፣ ማቆሚያ የሌለው ሳቅ። «ግራ ሌፍት ነው አለች!» ብዬ ወደኋላ ስነግራቸው የቡድኑ ሰዎችም ፍርስ አሉ። ከድንጋጤና ከንዴት በኋላ የሚመጣ ሳቅ መጥፎ ነው፤ አይገታም። «‹እኔ ይሰማል› አለች!» አለ ደግሞ አንዱ።

ኤደን አልተቆጣችም። የተቆጣ ሰው ፊት አውቃለሁ፤ በየቀኑ በአውቶቡሴ በር ይገባል። ይህ ሌላ ነው። ፊቷ ተዘጋ።

«ከሜዳው ውጪ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «አንቺ ከዚህ ውጪ። ሌሎቻችሁም አንድ ቃል ከተነፈሳችሁ የሚቀጥለው ቅጣት አንድ ጌም ነው።»

ስወጣ አቶ ተወልደ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን አሳቀሽ?» አሉኝ።

ከአጥሩ ውጪ ቁጥቋጦ የከበበው መንገድ አለ። እዚያ እየተመላለስኩ ራሴን ረገምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ልጅ ድካም ነው፣ መልቀሙም በእጄ አልነበረም። የብሌን ሁለት ቅጣት ተመዝግቧል። ሦስተኛው ሴት ሊጀመር ነው። አንድ ሰው ቢያስነጥስ «ምክር ነው» ሊባል ነው። ልጅቷም ፈርታ ነው የምትጫወተው፤ ለምን እንደተቀጣች እንኳ የነገራት የለም።

ያኔ ኤደን በትንሿ በር ወጥታ ወደ ዋናው ዳኛ ድንኳን ስትሄድ አየኋት። ተከተልኳት።

«ልጄ፣ አንድ ደቂቃ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አልቆመችም።

«‹ግራ ገባት› ማለት ተጨነቀች፣ የምትይዘውን አጣች ማለት ነው። ሌፍት ማለት አይደለም። እኔም ‹ግራ ገባኝ› ያልኩት ጨንቆኝ ነው። በእግዚአብሔር ስም እነግርሻለሁ።»

አሁን ቆመች። «ግራ አውቃለሁ» አለች፤ አማርኛና እንግሊዝኛዋ እየተቀላቀለ። «ማሚ ጫማ ሲያደርግልኝ ‹ግራ፣ ቀኝ› ይላል። ከዚያ ነው የተማርኩት። አንቺ ደግሞ ‹ሌፍት ገባት› ትያለሽ። ሜክ ሴንስ አያደርግም! አሁን ለተጫዋችሽ ብለሽ እየዋሸሽ አይደለም፣ በምን አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

«ደግሞ እናንተ ሁልጊዜ ይስቃል» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ያለውን በእንግሊዝኛ ነው የነገረችኝ። ልጅ ሳለች ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንድ ቄስን «ደህና ነሽ?» ብላቸው ነበር። ወንድና ሴት መለየቱ ይምታታባታል። ግቢው በሳቅ ፈነዳ፤ እናቷ ጭምር። ለዓመታት በየግብዣው «እስኪ ያንን ነገር ድገሚው» ይሏት ነበር። እሷም ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር በአማርኛ ማውራት ተወች። ዛሬ አማርኛ መስማቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራዋ በመጥቀሙ ኮርታ ነበር።

እኔ እንደሆንኩ በየሠርጉ፣ በየልደቱ እዚህ የተወለዱ ልጆችን አማርኛ እያስመሰልኩ ሰው የማሳቅ ነኝ። «ጸዳለ፣ እስኪ የነእገሌን ልጅ አሳዪን» ይሉኛል፤ አሳያለሁ። ልጆቹ እዚያው በሩ ጋ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«እናትሽን ጠይቂያት» አልኳት። «እኔን አትመኚኝ። እናትሽን ጠይቂ።»

ወደ ሜዳው አየች። ብሌን ከልብስ መቀየሪያው እየተመለሰች ነበር። ኤደን ስልኳን አወጣች፤ ድምፁን ለሁለታችንም ከፈተችው። ጠራ። እንደገና ጠራ።

«ሃሎ፣ ኤዱ?»

«ማሚ» አለች ኤደን፤ ቃሉን እየፈራች፣ «ግራ ገባኝ።»

«ምን ሆንሽ የኔ እናት?» አለች እናትየው፤ ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ። «ማን ነው ግራ ያጋባሽ? ሥራ ላይ ነው? የት ነሽ? ልምጣ?»

«ኖ፣ ኖ፣ ማሚ፣ ግራ… ሌፍት አይደለም?»

«የምን ሌፍት ነው! ጨንቆሽ ነው እንጂ አንቺ በአማርኛ አትደውይልኝም። ምን አደረጉሽ? እውነቱን ንገሪኝ፣ ካፖርቴን እየለበስኩ ነው!»

ኤደን ዓይኗን ጨፈነች። «ደህና ነኝ ማሚ። በኋላ እደውላለሁ። አትምጣ» አለችና ዘጋችው። «አትምጪ» ማለቷ ነበር። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። እግዜር ምስክሬ ነው፣ አልመጣልኝም።

ኤደን ስልኳን ኪሷ ከተተች። ከዚያ «ዛሬ እየገመገሙኝ ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «ከፍ ወዳለ ውድድር ሊወስዱኝ።» ልትለኝ የፈለገችው ገባኝ። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። አማርኛ የሚሰማ ሌላ ዳኛ እዚያ የለም። የተባረረች ደጋፊ ቃል ደግሞ ማን ይሰማል? ልለምናት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። በዚያን ቀን ካደረግኩት ሁሉ ያችን ብቻ አልጸጸትባትም።

ኤደን ወደ ድንኳኑ ገባች። እኔ ድንኳኑን እዞረዋለሁ። ምን እያለች ነው? ለምን ቆየች? በመጨረሻ ከሽበታሙ ዋና ዳኛ ጋር ወጣችና ሁለቱም ወደ ሜዳው ሄዱ። እኔ ከአጥሩ ውጪ ጣቴን በሽቦው ቀዳዳ አስገብቼ ቆምኩ።

ዋናው ዳኛ ለሁለቱም ተጫዋቾች በእንግሊዝኛ አስረዱ፤ ሁለቱም ቅጣቶች ተሰርዘዋል፣ የተሰጠው ነጥብ ግን በሕጉ መሠረት አይመለስም። ብሌን አሁንም ግራና ቀኝ ታያለች። ያኔ ኤደን ወደ እሷ ተጠጋች፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ በገምጋሚዎቿ ፊት፣ በዚያ ሲስቅባት በነበረው ቡድን ፊት ጮክ ብላ በአማርኛ ተናገረች።

«ብሌን፣ ይቅርታ። አንተ ምንም አላጠፋህም። እነሱም አላጠፉም። እኔ ነው ግራ የገባው።»

ወደ ቡድናችን አየሁ። አንድም ሰው አልሳቀም። አቶ ተወልደ፣ «ቼክ» የሚል ቃል የማያሳልፉት ሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ችግር የለም እህቴ» አለች ብሌን። ፊቷን ጠረገችና ወደ መስመሩ ሄደች።

ኤደን በአጥሩ በኩል አይታኝ በጭንቅላቷ «ግቢ» አለችኝ። ገብቼ እጆቼን ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

ሦስተኛው ሴት! ስለሱ ምን ብዬ ልንገራችሁ? አንዷ ስትቀድም ሌላዋ ስትደርስ፣ ብሌን ያችን የምትሾልክ ኳስ ጉልበቷን አጥፋ ዝቅ ብላ ማንሳት ጀመረች። «አይዞሽ!» ስንላት ትሰማናለች፣ ፈገግ ትላለች። እኩል ለእኩል ሆነው ወደ መለያው ነጥብ ገቡ። ከጎኔ አቶ ተወልደ የዳዊት ይሁን የሌላ የማላውቀውን ጸሎት ያጉረመርማሉ። አንድ ጊዜ ብሌን ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር። ኳሷ መስመሩን በጣት ስፋት አለፈች። ከዚያ በኋላ ሌላዋ ሁለት ተከታታይ ነጥብ አገባች፤ የመጨረሻዋን ኳስ ብሌን መረቡ ላይ ሰቀለቻት።

ተሸነፈች። ይህንን አላሳምረውም። አሸነፈች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ተሸነፈች።

ወደኛ ስትመጣ ፊቷን ማየት አልቻልኩም። «ያ ነጥብ የኔ ነው ልጄ» አልኳት። «እኔ ነኝ የወሰድኩብሽ። ይቅር በይኝ።» አለቀስኩ፤ አፍሬ አይደለም የምነግራችሁ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ብሌን እጄን ያዘችኝ። «እትዬ ጸዳለ፣ እርስዎ እኮ የተናገሩት እውነት ነው» አለችኝ። «የምሬን ግራ ገብቶኝ ነበር። እንደዚያ የምትቆርጥ ልጅ ገጥማኝ አታውቅም።» አቶ ተወልደ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ «ኧረ እኛንም አልገጠመችንም» አሉ። በማግስቱ ማታ ብሌን ወደ አዲስ አበባ በረረች። ዋናውን ውድድር አልተጫወተችም፤ መርጠው የሚወስዱት ሰዎችም አላዩዋትም።

ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ስለ ነጥቡ ብቻ አይደለም። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም፣ እስኪ ራሳችሁን ጠይቁ። ልጆቻችን አማርኛ ጠፋባቸው ብለን በየስብሰባው እናለቅሳለን። መምህር እንቀጥራለን፣ ፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ልጁ አፉን ሲከፍት ደግሞ እንስቃለን። በክፋት አይደለም፤ ስለጣፈጠን ነው የምንስቀው። ልጁ ግን ጣፋጭነቱ አይታየውም። እሱ የሚያየው የተከፈተ አፍና የሚስቅ ጥርስ ብቻ ነው። ኤደን ዕድሜዋን ሙሉ በጫማዋ ግራና ቀኝ ብቻ የቀረችው ሞኝ ሆና አይደለም፤ ከዚያ በላይ እንዳትሄድ በሳቅ አጥረን ነው። አንድ ቀን ደግሞ ያ አጥር ዞሮ መጥቶ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣች ልጅ ላይ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ የማንንም ልጅ አስመስዬ አላወራሁም። «ጸዳለ ምን ነካት፣ ጨዋታዋ ጠፋ» ይሉኛል። ይበሉ።

ኤደን ከፍ ወዳለው ውድድር በዚያ ዓመት አልተወሰደችም፤ እሷ ግን በራሷ ጊዜ ደውላ ከቡድናችን ገባች። «የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ያሉበትን ጨዋታ ከእንግዲህ አልዳኝም፤ ስለዚህ መደገፍ እችላለሁ» አለችን። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል በድምፅ ነው የምትልክልን። መልእክቶቿ ረጃጅም ናቸው፤ ወንዱ ሴት፣ ሴቷ ወንድ፣ አንዱ ብዙ ይሆናል። እኛም በድምፅ እንመልሳለን። ማንም አያርማትም፣ ሲገባት ራሷ ታርማለች።

ባለፈው ሰሞን ብሌን ቱኒስ ከተማ ለዋንጫ ደርሳ ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የመጨረሻው ፌርማታ አልደርስ ብሎኝ፣ ቀይ መብራት ሁሉ እኔን የሚጠብቅ መስሎኝ ነድቼ ነድቼ ደረስኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ስልኬን ስከፍት ቁጥሩ ቀጥ ብሏል። ጠበቅኩ። ከዚያ የኤደን ድምፅ መጣ፤ ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች።

«ብሌን አሸነፈ! ሰማችሁ? ብሌን አሸነፈ!»

ከዚያ መጀመሪያ የመጣው የአቶ ተወልደ ድምፅ ነበር፤ እየተንቀጠቀጠ።

«አዎ ልጄ፤ አሸነፈ።»